አክንባሎ ማንሳት አቃተኝ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። 44 ዓመቴ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ፤ በቀን ከ80 እስከ 100 ይደርሳል። ከአራት ወር ወዲህ የቀኝ ክርኔን በውጭ በኩል ያመኛል። አክንባሎ ሳነሳ፣ ልብስ ስጨምቅ፣ ቡና ስቀዳ ይብስብኛል። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ የምወጣ ቀንማ አይጠየቅም። አንድ ወጌሻ «ወልቋል» ብለው ሁለት ጊዜ አሹኝ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ጎረቤቴ ደግሞ መርፌ ተወጊ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ «ወልቋል» ከሚለው እንጀምር። እዚያው ባለሽበት ክርንሽን እጠፊው። በግራ እጅሽ ሦስት የአጥንት ጉብታዎች ፈልጊ፤ አንዱ በውስጥ በኩል ነው፣ አንዱ በውጭ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ስትደገፊ የሚያርፈው የክርንሽ ጫፍ። ሦስቱ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አሁን እጅሽን ዘርጊ፤ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ክርን ሲወልቅ ይህ ቅርጽ ይፋለሳል። ደግሞስ ክርኑ የወለቀ ሰው መቶ እንጀራ ሊጋግር ቀርቶ እጁን ማንቀሳቀስም ይከብደዋል። ያንቺ አልወለቀም።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ይህን ለታካሚዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ ከጉርሻ ነው የምነሳው። እንጀራ ስትቆርሺ አይበሉባሽ ወደ ላይ ነው። ጠቅለል አድርገሽ ወደ አፍሽ ስታመጪው ክርንሽ ይታጠፋል፣ መዳፍሽም ወደ ፊትሽ ይዞራል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ናቸው። መታጠፉ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ወዲህና ወዲያ ብቻ። የመዞሩ ነገር ግን ሁሌም ይገርመኛል። ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ብዙም አይንቀሳቀስም። በአውራ ጣት በኩል ያለው ነው እሱን ተሻግሮ የሚዞረው። መዳፍሽ ወደ ላይ ሲሆን ጎን ለጎን ናቸው፤ ስትገለብጪው ይጠላለፋሉ። ቀኝ ክንድሽን ከአንጓሽ ከፍ ብለሽ በግራ እጅሽ ያዝ አድርጊና መዳፍሽን ገልብጪ። አጥንቱ ከእጅሽ ሥር ሲዞር ይሰማሻል።

ወጣቶቹ ጂም ሄደው የሚያሳብጡት የላይኛው ክንድ ጡንቻም ሥራው ማጠፍ ብቻ አይደለም። መዳፍን ወደ ላይ የሚያዞረው ዋናው ጉልበት እሱ ነው። በቀኝ እጅ ብሎን ስናጠብቅ የምንጠቀመው እሱን ነው።

አሁን ወደ ሕመምሽ እንምጣ። አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች የሚነሱት ከክርን ውጫዊ ጉብታ ነው። እዚያ ላይ በአጭር ጅማት ተጣብቀዋል። አንድ ነገር ጨብጠሽ ስትይዢ ጣቶችሽ ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ አንጓሽ አብሮ እንዳይታጠፍ እነዚህ የላይኞቹ ወጥረው ይይዙታል። ስለዚህ አክንባሎውን አይበሉባሽን ወደ ላይ አድርገሽ ባነሳሽ ቁጥር ጫናው ያቺ ጅማት ላይ ያርፋል። መቶ እንጀራ ማለት አክንባሎውን መቶ ጊዜ መክደን፣ መቶ ጊዜ መክፈት ነው። ሥራው የአንጓ፣ ሕመሙ የክርን የሆነው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ መዳፍሽ ወደ ታች ይሁን። ልጅሽ የመሃል ጣትሽን ወደ ታች ይጫን፤ አንቺ አልወርድም በዪ። የተለመደው ቦታ ላይ ከጠዘጠዘሽ እሱው ነው። ሐኪሞች «የቴኒስ ክርን» ይሉታል። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በምሠራባት ትንሽ ክሊኒክ ግን በዚህ ሕመም የመጣ ቴኒስ ተጫዋች አይቼ አላውቅም። የሚመጡት ልስን ሠራተኞች ናቸው፣ ፌራዮዎች ናቸው፣ እንዳንቺ ጋጋሪዎች ናቸው።

ጎረቤትሽ ያለችሽን መርፌ፣ ማለትም ለእንዲህ ያለ ሕመም ክርን ላይ የሚወጋውን የኮርቲዞን ማስታገሻ፣ እኔ አልመክርሽም። ለጥቂት ሳምንታት ጥሩ ያስታግሳል። ዓመት ሲሞላው ሲታይ ግን የተወጉት ካልተወጉት ብሰው ይገኛሉ፤ ሕመሙም ቶሎ ይመለስባቸዋል። ማሸቱንም አቁሚ፤ የተጎዳ ጅማት በኃይል ሲታሽ ይቆጣል። ሙሉ በሙሉ ማረፍም መድኃኒት አይደለም፤ ጅማት የሚጠነክረው በልክ ሲሠራ ነው። «ሥራ አቁሚ» ብልሽስ የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍልልሽ?

ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አስተኚ፣ መዳፍሽ ወደ ታች። በግራ እጅሽ አይበሉባሽን ተጫኚ፤ ቀኙ ሳይንቀሳቀስ ይመክት። ለ30 ሰከንድ ያዢ፣ አምስት ጊዜ። ይህን በየቀኑ ሥሪ። ሕመሙ ጋብ ሲል በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙይና አንጓሽን ከጠረጴዛው ጠርዝ አውጪ። በግራ እጅሽ እየረዳሽ አንሺው፤ በቀኝሽ ብቻ ቀስ አድርገሽ፣ እስከ አራት እየቆጠርሽ አውርጂው። አሥራ አምስት ጊዜ ሦስት ዙር። ትንሽ ቢያምሽ አትፍሪ። በማግስቱ ብሶ ካደረ ግን ቀንሺ። ለውጥ ለማየት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፣ አደራሽን።

ምጣዱ ጋ ደግሞ የአክንባሎውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለሽ አወፍሪው፤ የወፈረ ነገር ያን ያህል አጥብቆ መጨበጥ አይፈልግም። ተራ በተራ በግራሽም አንሺ። ልብስ አትጨምቂ፤ ቧንቧው ላይ አንጠልጥለሽ ውሃው ይንጠፍጠፍ። ከባድ ነገር ስታነሺ በተቻለሽ መጠን መዳፍሽ ወደ ላይ ይሁን፣ ወደ ሰውነትሽም አስጠጊው። ያኔ የሚሠራው ያ ትልቁ ጡንቻ ይሆናል።

ትንሿ ጣትሽና ቀጥላ ያለችው መደንዘዝ ከጀመሩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በክርን ውስጠኛ ጉብታ ጀርባ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ክርናችን ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን እሱ ነው። ያን ጊዜ ሳትቆዪ ታዪ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነኝ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ታክሲ ሊያመልጠን ሲል በአንድ እጁ ሳብ አድርጌ አነሳሁት። አለቀሰ፣ ከዚያ በኋላ እጁን አላነሳም አለ። ጤና ጣቢያ ወስጄው በደቂቃ ውስጥ ዳነ። ምን ነበር? ተመልሶ ይመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለወሰድከው እግዚአብሔር ይስጥህ። ከላይ የጠቀስኩት፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው የሚዞረው አጥንት፣ ክርን ላይ ያለው ጭንቅላቱ በቀለበት መሳይ ጅማት ታቅፎ ነው የሚቀመጠው። በትንንሽ ልጆች ይህ ቀለበት ገና ላላ ያለ ስለሆነ እጃቸው ሲሳብ ሾልኮ ይወጣል። የሚያውቅ ሰው ክንዱን በዘዴ አዙሮ ወዲያው ይመልሰዋል። አዎ፣ ሊደገም ይችላል። አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ እየቀረ ይሄዳል።

ወድቆ ከሆነና ክርኑ ካበጠ ግን ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና ኤክስሬይ ያስፈልገዋል። አይታሽ፣ በቀርከሃም ጥብቅ ተደርጎ አይታሰር። ጣቶቹ ጠቁረው የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ የተጎዳው ከስብራቱ ይልቅ በማሰሪያው ነበር። ለክፉም ለደጉም፣ ታክሲ ላይ ስትጭነው በሁለት እጅህ ከብብቱ ሥር ይዘህ አንሳው።