የድሮው ፖርሽ 911 ወይስ አዲሱ?

ወንድሜ "በአንድ ዋጋ የ70ዎቹን 911 ልግዛ ወይስ 992ን (የአሁኑን 911)" ላልከው፣ በየቀኑ ሥራ ልትሄድበት ከሆነ አዲሱን ውሰድ አለቀ። 3 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ተርቦ፣ ወደ 380 ፈረስ ጉልበት፣ ዝናብ ላይ እንኳን ኮምፒውተሩ ይይዝልሃል።

የድሮው ግን ሌላ ነገር ነው ባክህ፣ 1964 ላይ ሲጀምር 2 ሊትር 130 ፈረስ ብቻ ነበር ግን ክብደቱ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥ፣ መሪው ሀይድሮሊክ የለውም ስለዚህ የአስፋልቱ ጠጠር ሁሉ እጅህ ላይ ይሰማሃል፣ ሞተሩ ከኋላ፣ የሚቀዘቅዘው በአየር፣ ራዲያተር የሚባል የለም፣ ያው የኛ ቮልስ ሀብታም ዘመድ በለው 😄 ብቻ ኩርባ ውስጥ ገብተህ ደንግጠህ እግርህን ከነዳጁ ድንገት እንዳታነሳ፣ ኋላው ዞሮ ይቀድምሃል።

ዘይቱም የሚለካው ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነው፣ ቀዝቃዛውን ለክተህ ጎደለ ብለህ እንዳትሞላበት።

ደግሞ ከ1976 በፊት የተሠራ ከሆነ ዝገቱ ሌላ ጣጣ ነው፣ አዲስ ቀለም አይሸውድህ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ሂድና ከበሩ ሥር ለጥፈው፣ ካልያዘ ስቱኮ ነው፣ ወይ ዋጋ አስቀንስ ወይ ጥለኸው ና።