ነቃች እንጂ አልተነሳችም

ጥያቄ፦ በኦንላይን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ከተማሪዎቼ አንዷ ኮሪያዊት ናት። ባለፈው ክላስ "ላስት ናይት አይ ጋት አፕ ፎር ታይምስ" አለችኝ፣ ምን ልታደርጊ አራቴ ተነሳሽ ስላት ግራ ገባት፣ ለካ ከአልጋዋ ጨርሶ አልወረደችም፣ እንቅልፏ ነው የተቆራረጠው። ዌክ አፕን እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ወንድሜ እሷ ሰንፋ አይደለም፣ ኢሮናዳ የሚባለው የኮሪያኛ ግስ ነው የጎተታት። ኢሮናዳ መንቃትም ከአልጋ መነሳትም ነው፣ እኛም ስንት ሰዓት ተነሳህ ስንባል ሁለቱን ለይተን አንመልስም አይደል? ደሞ የሚገርመው ጦርነት ተነሳ ለማለትም የሚጠቀሙት ይህንኑ ኢሮናዳን ነው፣ ስለዚህ አማርኛህ እዚህ ጋ በጣም ይጠቅምሃል።

ግን እንቅልፍ ለቀቀኝ ለማለት ብቻ የሚሆን ሌላ ቃል አላቸው፣ ኬዳ ይባላል፣ ኬዋን ጠበቅ አርገህ በላት። ዌክ አፕን ከኬዳ ጋር አያይዝላት፣ ጌት አፕን ደሞ ከአልጋ ከመውረድ ጋር። ከዛ "አይ ዎክ አፕ አት ስሪ፣ በት አይ ጋት አፕ አት ሰቨን" በላትና መሀል ላይ ያለውን 4 ሰዓት የት እንዳሳለፍከው ጠይቃት፣ አልጋ ላይ ካለችህ ገብቷታል ማለት ነው። ኃላፊ ጊዜው ዎክ ነው፣ ዌክድ እንዳትል ከአሁኑ አስለምዳት።

የሚከብደው ሰው መቀስቀስ ላይ ሲመጣ ነው። ኮሪያኛ ለሱ ኬኡዳ የሚል የራሱ ቃል አለው፣ እኛም ነቃ እና ቀሰቀሰ እንላለን፣ እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም ዌክ አፕ ነው የሚለው፣ ልዩነቱን የሚያሳየው ተቀስቃሹ ሰው መጠቀሱ ነው። ሚ፣ ሂም፣ ሄር የመሳሰሉት ደሞ የግድ መሀል ይገባሉ፣ ዌክ ሚ አፕ እንጂ ዌክ አፕ ሚ አይባልም። ዘ ቤቢ ከሆነ ግን መሀልም መጨረሻም ይሄዳል። እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ክላስ ለዚህ ብቻ እሰጠው ነበር፣ አዌክ እና አዌክን የሚባሉት ተቀራራቢ ግሶች ለጊዜው ይቆዩ።

አነጋገሯንም ስማት። በኮሪያኛ ፊደል ሲጻፍ ዌ-ኢ-ክ-ኦፕ ተብሎ አራት ክፍለ ቃል ይሆናል፣ እንግሊዝኛው ግን ሁለት ነው፣ ክ ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቆ ዌይ-ካፕ ይባላል። አንድ ነገር ደሞ አትርሳ፣ እነሱ ጋ ሆቴል ደውሎ ሲቀሰቅስ ሞኒንግ ኮል ነው የሚሉት፣ ቃሉ እንግሊዝኛ ስለሚመስል ሁሉም ቦታ የሚሰራ ይመስላቸዋል፣ ውጪ አገር ሆቴል ገብታ ስትጠይቅ ዌክ አፕ ኮል እንድትል ንገራት።