ጀጎልን ከአውሮፓ መንደር አሴት ማውጣት ይቻላል ወይ ለተባለው

የጠየቅሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጀጎል ውስጥ የሚካሄድ ሮል ፕሌይንግ ጌም በአርፒጂ ሜከር ኤምቪ (ጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ለራስሽ እየሠራሽ ነው። መሳል አትችይም። የምታገኚው አሴት (ለጌም የተዘጋጀ ምስል) ሁሉ ደግሞ የአውሮፓ መንደር ነው፤ ሾጣጣ ጣሪያ፣ የተሸለመ ቤተ መንግሥት፣ ተኩላ። ከዚህ ሐረር ይወጣል ወይ? ብትሸጪውስ?

አቦ ይወጣል! እኔ ድሬ ነው የምኖረው፤ ከሥራ መልስ እንዳንቺው ጌም እነካካለሁ፤ ሐረርም ቶሎ ቶሎ እወጣለሁ። ከልምዴ የምነግርሽ፣ አዲስ የምትስዪው ነገር ከምታስቢው በጣም ያንሳል። አብዛኛው ሥራ ከአሴቱ ላይ መቀነስ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያውን ጣይው። አሴቱን አውሮፓ ያስመሰለው እሱ ነው። የጀጎል የድሮ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ቆመሽ የሚታይሽም ግድግዳና በር ብቻ ነው። ኤምቪ ላይ የቤት ጣሪያዎቹ ያሉት ኤ3 የሚባለው ታይልሴት (ካርታው የሚገጣጠምባቸው ካሬ ምስሎች፣ የታይሎች፣ ጥቅል) ውስጥ ነው። እሱን እርሺው፤ ኤ4ን ክፈቺ። ኤ4 ላይ እያንዳንዱ ግድግዳ ሁለት ክፍል አለው፤ 96 በ144 ፒክስል የሆነው የግድግዳው አናት ነው፣ ከሥሩ ያለው 96 በ96 ደግሞ ፊቱ። አናቱን የአፈር ቀለም ካለበስሽው ጠፍጣፋ ጣሪያ አገኘሽ። አውቶታይል ስለሆነ ቤቶቹን ጎን ለጎን ስትደረድሪያቸው ራሱ ያያይዛቸዋል። ጀጎል ውስጥም ቤቱ እንደዛው ተደጋግፎ ነው የቆመው።

አሁን ፊቱ። የአሴቱ ግድግዳ በጡብ መስመር የተሞላ ነው። የሐረር ግድግዳ ግን ተለስኖ ቀለም የተቀባ ነው፤ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። ስለዚህ መስመሮቹን አጥፊያቸው፣ ግን ሁሉንም አይደለም። ከታች፣ መሬቱ አጠገብ፣ ልስኑ የረገፈ እንዲመስል ሁለት ሦስት ድንጋይ አስቀሪ። ያቺ ትንሽ ቦታ ግድግዳውን የሰው ቤት ታስመስለዋለች።

ቀለም ስትቀይሪ ሙሉ ምስሉን መርጠሽ ቀለሙን በአንድ ጊዜ አታዙሪው። እንደዛ የተሠራ ጌም ከሩቁ ይታወቃል፤ ጥላውም፣ ድንጋዩም፣ በሩም አብሮ አረንጓዴ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ግድግዳ አራት ወይም አምስት ቀለም ያላት ፓሌት ያዢ፤ ከብርሃኑ እስከ ጥላው። ከዛ ጊምፕ (የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ የድሮውን ቀለም በቀለም እየመረጥሽ በአዲሱ ተኪ። ነጩ ግድግዳ ላይ ጥላውን ግራጫ አታድርጊው፤ ይሞትብሻል። ብርሃኑን ወደ ቢጫ፣ ጥላውን ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ትንሽ ሳብ አድርጊው። ፓሌቱን ከራስሽ ፎቶ ውሰጂ፤ ግን ቀትር ላይ የተነሳ ፎቶ ቀለሙን ስለሚበላው አስር ሰዓት ገደማ አንሺ። (የሰው ደጃፍ መሆኑን ግን አትርሺ። በሩ ክፍት ከሆነ አስፈቅደሽ ነው።)

የግንቡ በሮች ቀላል ናቸው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ ለአምስቱም ከቤተ መንግሥቱ አሴት አንድ ቅስት ቁረጪና በየፎቷቸው ቁመቱንና ቀለሙን ለዋውጪ።

የቤት ውስጥ ደግሞ ያስደስታል። የአውሮፓ ቤተ መንግሥት አሴት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ክብ ጋሻ አይጠፋውም። ያንን ጋሻ መሃሉ ያለውን ጌጥ አጥፊና ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር ቀለበት በቀለበት ቀቢው። የሐረር ስፌት ሆነልሽ። ትልቅና ትንሽ እያደረግሽ ስምንት ዘጠኙን ግድግዳው ላይ ስቀያቸው። ነደባውን (መቀመጫ መደቡን) ከደረጃ ታይል ሥሪው፤ ቀይ አፈር ቀብተሽ ምንጣፍ አንጥፊበት።

ወደ ጅቡ ልምጣ፤ ያለ ጅብ የሐረር ጌም የለም። ተኩላው ይበቃሻል። ወደ ግራ የሚሄደውን ውሰጂ። የተኩላ ጀርባ ቀጥ ያለ ነው፤ የጅብ ግን ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ስለዚህ የፊቱን ግማሽ፣ አንገቱንም ትከሻውንም፣ ቆርጠሽ ሦስት ፒክስል ከፍ አድርጊውና የፊት እግሮቹን አርዝመሽ ክፍተቱን ሙዪ። የጆሮውን ሹል ጫፍ ቁረጪና ክብ አድርጊው። አፍንጫውን ሁለት ፒክስል አሳጥሪና አጥቁሪው። ጭራውም ይጠር፣ ጫፉ ይጥቆር። ነጠብጣቡ አምስት ስድስት ቢሆን በቂ ነው፤ ከዛ በላይ ከሆነ ቆሻሻ ይመስላል። ደግሞ በሦስቱም ፍሬም (የእርምጃው ሥዕሎች) ላይ ነጠብጣቡ ሰውነቱ ላይ ያው ቦታ ይሁን፤ አለበለዚያ ሲራመድ ብልጭ ድርግም ይላል። ግራውን ስትጨርሺ ገልብጠሽ ለቀኙ ተጠቀሚበት። ከተጠራጠርሽ ማታ ጅብ የሚቀለብበት ሄደሽ እዪ፤ በባጃጅ መብራት ትከሻው ጉብ ብሎ ይታይሻል።

ሰዎቹ ላይ ብዙ አትድከሚ። የቆዳውን ቀለም ቀይሪ፣ የሴቶቹን ቆብ ወደ ሻሽ ለውጪ፣ በቃ። 48 ፒክስል ላይ ከዛ በላይ የሚያይልሽ የለም።

አንድ ስሌት ግን አደራ። የኤምቪ ታይል 48 በ48 ነው። ከውጭ ስትለቅሚ 16 በ16 የሆነ አሴት ምረጪ፤ በሦስት ሲባዛ ልክ ይመጣል። 32 በ32 ከሆነ በአንድ ተኩል ነው የሚባዛው፤ አንዱ ፒክስል ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆንብሻል። ስታሳድጊ ጊምፕ ላይ ኢንተርፖሌሽን የሚለውን «ነን» (None) አድርጊው፤ ካልሆነ ይደበዝዛል። ኬኒ የሚባለው ሰው የሚለቃቸው 16 በ16 ጥቅሎች አሉ፤ ነጻ ናቸው፣ ላይሰንሳቸውም (የአጠቃቀም ፈቃዳቸው) ሲሲ ዜሮ ነው፤ ሲሲ ማለት ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ክፍት ፈቃዶች ናቸው።

መንገዱን ሁለት ታይል ስፋት ስጪው። እውነተኛው ከዛ ይጠባል፣ ልክ ነሽ። ግን አንድ ታይል ካደረግሽው አንዲት ቅጠል ሻጭ መሃሉ ላይ ስትቆም ተጫዋችሽ ማለፊያ ያጣል።

ስለ መሸጡ። ቀለም ስለቀየርሽ አሴቱ ያንቺ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ላይሰንስ ይከተልሻል። ሲሲ ዜሮ ከሆነ ያሻሽን አድርጊ። ሲሲ ባይ ከሆነ የሠሪውን ስም ክሬዲት ላይ ጻፊ። ሲሲ ባይ ኤስኤ ከሆነ ደግሞ የለወጥሽውንም ምስል በዛው ላይሰንስ ለሌላው ክፍት ማድረግ አለብሽ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ሊበሬትድ ፒክስል ካፕ ከሚባለው የጌም አሴት ውድድር የወጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። መሸጥ ግን አይከለክሉም። ከኤምቪ ጋር የመጣውን አሴት፣ ሕጋዊ ኮፒ እስካለሽ ድረስ፣ ለውጠሽ እዛው ኤምቪ ላይ በሠራሽው ጌም መሸጥ ትችያለሽ። ጌሙን ወደ ጎዶት (ሌላ የጌም መሥሪያ) አዞረዋለሁ ካልሽ ግን መጀመሪያ ውሉን አንብቢ። ገና ከአሁኑ አንድ የጽሑፍ ፋይል ክፈችና እያንዳንዱን አሴት ባወረድሽ ቁጥር ስሙን፣ ሠሪውንና ላይሰንሱን ጻፊ፤ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ፍዳ ነው።

ጅቡን ስታስገቢ ፋይሉ 144 በ192 ይሁን፤ ስሙንም በዶላር ምልክት ጀምሪው። አለበለዚያ ኤምቪ ስምንት ገጸ ባሕሪ ያለበት ፋይል መስሎት ይቆራርጠዋል።