ለዕለት ተዕለት መያዣ የቱን ሽጉጥ ልግዛ?

ወንድሜ፣ አሌክሳንድሪያ ሱቅ እንደምትሠራ፣ ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ የቨርጂኒያ ፈቃድህ እንደወጣልህ ጽፈሃል። ሻጩም «ኪስ ውስጥ ትገባለች» ብሎ ሩገር ኤልሲፒን አሳየህ። አትቸኩል። ትንሽ ሽጉጥ ለመያዝ ይቀላል፤ ለመተኮስ ግን ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ኤልሲፒ ባዶዋን 300 ግራም ገደማ ስለሆነች ስትራገጥ ምቱን በሙሉ የሚቀበለው እጅህ ነው። እጀታዋ ሁለት ጣት ብቻ ይይዛል፣ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለች፣ ሽጉጡም በየጥይቱ መዳፍህ ውስጥ ይዞራል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዋ ስለተቀራረቡ ዓይን የማያየው ስህተት ዒላማው ላይ ስንዝር ይሆናል። 50 ጥይት ተኩሶ መዳፉን ያመመው ሰው ደግሞ ልምምዱን ይተዋል። ክብደቱ የቀለለ ሪቮልቨር (ጥይቱ የሚሽከረከር ቋት ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ)፣ ለምሳሌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642፣ ከዚህ አይሻልም፤ 5 ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ ምላጩም ከባድ ነው።

በሌላው ጫፍ ግሎክ 19 አለ። ከ1988 ጀምሮ የተፈተነ፣ 15 ጥይት የሚይዝ፣ ለመተኮስ የሚመች ሽጉጥ ነው። ጎርሶ ግን 855 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከልብስ ሥር የሚያሳብቀው እጀታው እንጂ አፈሙዙ አይደለም፤ ዕቃ ልታነሳ ስታጎነብስ እጀታው ሸሚዝህን ወጥሮ ይታያል። ሲሰለችህ መኪና ውስጥ ትተወዋለህ፣ ሌባ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

መፍትሔው መሃል ላይ ነው። ድሮ ቀጭን ሽጉጥ ማለት ከ6 እስከ 8 ጥይት ነበር። በ2018 ሲግ ፒ365 በዚያው ቅጥነት 10 ጥይት ይዞ መጣ፤ በ2019 ግሎክ 43ኤክስና ፒ365ኤክስኤል ተከተሉ። የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 12 ይይዛል፣ የሁለቱም እጀታ ሙሉ እጅ ይሞላል። እኔ የምመክርህ ከሁለቱ አንዱን ነው።

የቱን እንደሆነ እጅህ ይንገርህ። ሽጉጥ የሚያከራይ የተኩስ ቦታ ሄደህ ሁለቱንም ሞክር፤ በ7 ያርድ ርቀት፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ወረቀት ላይ፣ 5 ጥይት በ5 ሰከንድ። ስላይዱን (ላይኛውን ተንሸራታች ብረት) ያለ ትግል ወደ ኋላ ትስባለህ? የሌባ ጣትህ ጫፍ ምላጩ ላይ በቀጥታ ያርፋል? ካዝናውን አያያዝህን ሳትቀይር ታወጣለህ? ቀለሁ ሳይወጣ ቆሞ ከነከሰብህ ሽጉጡን ከመውቀስህ በፊት የእጅ አንጓህን አጠንክር፤ ቀላል ሽጉጥ ልል እጅ አይወድም።

ከበጀትህ ላይ 150 ዶላር ለሆልስተር (ለሽጉጥ ማኅደር) እና ለቀበቶ አስቀር። ሆልስተሩ ከካይዴክስ፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ የተሠራና ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። የጨርቁ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይከደናል፣ ስትመልሰው አፉን በጣትህ ታሰፋለህ፣ ጣትና ምላጭ የሚገናኙትም ያኔ ነው። ሁልጊዜ እያየህ፣ ቀስ ብለህ መልስ፤ የጃኬት ገመድ ገብቶ ምላጭ የሳበበት አደጋ ብዙ ነው። ቀበቶው ልል ከሆነ ደግሞ ምርጡም ሽጉጥ ይንጠለጠላል።

ከመያዝህ በፊት 200 የልምምድ ጥይት፣ ከዚያ ከምትይዘው ሆሎ ፖይንት (ጫፉ ጎድጓዳ የሆነ ጥይት) 50 ተኩስበት። ካዝናዎቹ ላይ ቁጥር ጻፍ፤ ነከሳ በአንዱ ካዝና ብቻ ከተደጋገመ ጥፋቱ የካዝናው ነው። የጎረሰውን ጥይት ማታ ማታ ከሽጉጡ እያወጣህ ጠዋት ያንኑ መልሰህ አታቀባብል። እርሳሱ በየጊዜው ወደ ቀለሁ ትንሽ ትንሽ እየሰጠመ ግፊቱን ይጨምራል። ካላቀባበልከው አዲስ ጥይት ጎን አቁመህ እየው፣ አጥሮ ካገኘኸው አትተኩሰው። ይልቅ ሽጉጡን ከነሆልስተሩ አውጥተህ ልጆች የማይከፍቱት ሣጥን ውስጥ ቆልፍበት።

ፈቃድህ የፖቶማክን ወንዝ አይሻገርም። ሜሪላንድም ዲሲም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም፣ ወደ ሜሪላንድ በሚወስደው በዊልሰን ድልድይ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ብትሻገርም ያው ነው። ማታ ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዳ ከሆነም የሁለቱም ደንብ ሾፌር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ በዚያ ሰዓት ቤት፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።