ከቀለሙ በፊት ግድግዳውን አንኳኪው

የቤት ጉዳይ፦ አንባቢያን ይጠይቃሉ፣ የድሮ ቀለም ቀቢ ይመልሳል

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮልፌ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ተለስኗል። አምና ለፋሲካ ራሴ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ቀባሁት። ክረምቱ ሳይወጣ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ተላጠ። ነጭ ዱቄትም ያወጣል። አንድ ቀቢ አሳይቼው "ርካሽ ቀለም ገዝተሽ ነው" አለኝ። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ልድገመው ብዬ ብር እያጠራቀምኩ ነው። የትኛውን ቀለም ልግዛ?»
ተከራይዋ፣ ከኮልፌ

እህቴ፣ ብሩን ባለበት አቆዪው። ቀለሙ አልበደለሽም። የከተማውን ውድ ቀለም ብትገዢም በሚቀጥለው ክረምት ተላጦ እግርሽ ሥር ይወድቃል።

እስኪ ይሄን አድርጊ። በጣትሽ አንጓ ግድግዳውን ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ አንኳኪው። የያዘ ልስን ድምፁ ደፈን ያለ ነው። የለቀቀው እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮሃል። ጭቃ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው፤ አብሮት አይሄድም። ክረምት ከበጋ ሲጓተቱ ይፋታሉ። ነጩ ዱቄትሽ ጨው ነው። ውኃው ግድግዳውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ጨው ይዞ ይመጣል። ውኃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ቀለሙን ከጀርባ ገፍቶ የሚጥለው እሱ ነው።

ስለዚህ ብሩሽ ከመግዛትሽ በፊት ወደ ውጭ ውጪና ያንኑ ግድግዳ በጀርባው እዪው። ቆርቆሮው አሸንዳ አለው? እንደምገምተው የለውም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ግድግዳው ላይ ይረጫል። «እስከ ጉልበቴ» ያልሽው ነገር የገረመኝ ለዚህ ነው። ፍንጣሪው የሚደርሰው እዚያው አካባቢ ነዋ። አፈር ወይም የአበባ መደብ ግድግዳውን ተደግፎ ካለ ደግሞ ይነሳ። ውኃውን ከግቢው የሚያስወጣ ትንሽ ቦይም ይቆፈር።

አሸንዳ ማሰር የተከራይ ሥራ አይደለም። ቆርቆሮው የአከራይሽ ነው። ቡና ሲፈላ ጠብቂና «እትዬ፣ ቤትዎ እየተጎዳ ነው» ብለሽ ጀምሪ። «ክፍሌ ተላጠብኝ» ካልሻቸው ግን ቀለም ግዢ ይሉሻል። ወጪውን አንቺ አውጪው ካሉሽ ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብልሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

እንቁጣጣሽን በመጋረጃ እለፊው። ጥቅምት ሲገባ ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፊና አንድ ቀን ሙሉ ተዪው። በማግስቱ ከግድግዳው በኩል ላብ ላብ ካለው ገና አልደረቀም። ደርቆ ካገኘሽው የለቀቀውን ልስን አራግፊ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። በውኃ እንዳታጥቢው፤ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። የተራገፈውን ቦታ በጭድ ጭቃ፣ ከላዩም በኖራ ብታስለስኚው ግድግዳው እንዲተነፍስ ይረዳዋል። የግድ ሲሚንቶ ከሆነ 28 ቀን ገደማ ሳይቆይ ቀለም አታስነኪው። ከዚያ የመጀመሪያውን እጅ ፕላስቲክ ቀለም በውኃ ቀጠን አድርጊው። «ዘይት ቀለም ቀቢው፣ ውኃ አያስገባም» የሚል ምክር ይመጣልሻል። እውነት ነው፣ አያስገባም። የገባውንም አያስወጣም።

ለበዓል ማድረስ የሚሉትን ነገር እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ሥራውን ገና ስጀምር የእናቴን ሳሎን ጳጉሜን 4 ቀን ሎሚ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ቀባሁላት። ዝናቡ አላቋረጠም፣ መስኮቱ ተዘግቷል። እንቁጣጣሽ ዕለት አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ሁለተኛውን ቡና ጠጣች። ስትነሳ የነጠላዋ ጀርባ አረንጓዴ፣ የግድግዳው ሎሚ ደግሞ የነጠላ ጥለት ቅርጽ ይዞ ቀረ። እናቴ ለዓመት ያህል አላስጠፋችውም። ሰው በመጣ ቁጥር ታሳየው ነበር።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለውን መኝታ ቤቴን በገዛ እጄ ልቀባ አስቤአለሁ። ስፋቱ 3.5 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው። ባለሱቁ ሦስት ጋሎን ያስፈልግዎታል አለኝ፤ በዛብኝ። ሌላው፣ የጎረቤቴ ልጅ የቀባው ግድግዳ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዥንጉርጉር ሆኖ ይታያል። ምን አጥፍቶ ነው?»
የድሮ መምህር፣ ከጀሞ

መምህር፣ ሂሳብ ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ነው፤ ግን ይታረሙኝ። የክፍሉ ዙሪያ 15 ሜትር ነው። በ2.6 ሲባዛ 39 ካሬ ይመጣል። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ገደማ ሲቀነስ 35 ይቀራል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል። ሁለት እጅ ሲቀቡ 7 ሊትር መሆኑ ነው። አንዱ ጋሎን 4 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ሁለቱ ይበቃዎታል። ኮርኒሱንም የሚቀቡ ከሆነ ግን 14 ካሬ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ጋሎን ለእሱ ይሄዳል። ባለሱቁን ከመቆጣትዎ በፊት ኮርኒሱን አስቦ እንደሆነ ይጠይቁት።

አሮጌው ቀለም ዘይት ይሁን ፕላስቲክ ይለዩ። ጥጥ በአልኮል ነክረው አንድ ጥግ ላይ ሸት ሸት ያድርጉት። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ካለዎትም ይሆናል። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከመጣ ፕላስቲክ ነው። ምንም ካልመጣ ዘይት ነው። በዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ዝም ብለው ቢቀቡ በጥፍር ይላጣል። አቧራውና ቅባቱ ይታጠብ፣ ከዚያ ወዙ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ሲያሹት እያረጠቡ ይሁን፤ የልጅ ልጆችም ያን ቀን ሌላ ቤት ይዋሉ። በአሮጌ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ደረቁን ሲያሹት አቧራው በልጆች ትንፋሽና እጅ ይገባል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 90 ክፍል) የገደበ ደንብ የወጣው በፈረንጆች 2018 ነው። የእርስዎ ግድግዳ ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ መጠንቀቁ አይከፋም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ልጅ። ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ነው፣ ምናልባትም ሁለቱም። አንደኛው ስቱኮው፣ ማለትም ቀዳዳ መድፈኛው ነው። ስቱኮ የገባበት ቦታ ቀለም ከሌላው ይበልጥ ይጠጣል። ቀዳዳውን ደፍኖ፣ አሽቶ፣ ቀጠን ያለ የመጀመሪያ እጅ ሳይሰጠው ከሄደበት ያ ቦታ ደብዝዞ ይቀራል። ሁለተኛው፣ እንደ ብዙ ጀማሪ፣ መሐል ግድግዳ ላይ ሻይ ጠጥቷል። አንድ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሳይቋረጥ ነው የሚያልቀው። ጠርዙን በብሩሽ ይሂዱበትና ሳይደርቅ በሮለር ይከተሉት። የአራቱንም ግድግዳ ጠርዝ አስቀድመው በብሩሽ ከጨረሱ፣ ሮለሩ ሲደርስ ጠርዙ ደርቆ ይጠብቀዎታል፤ እንደ ፎቶ ፍሬም ዙሪያውን ይታያል። ደረቅ ብሎ የያዘውንም ቦታ «ትንሽ ልመልስበት» አይበሉ። ሁለተኛው እጅ አራት ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ዝናብ ካለ እስከ ማግስቱ ቢያድር ይሻላል።

አዲስ ሮለር ጸጉሩ ይነቀልና ግድግዳው ላይ ይቀራል። ፕላስተር ጠቅልለውበት ላጥ ሲያደርጉት የላላው ሁሉ ይወጣል። ሁለቱን ጋሎን አንድ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ያማስሉ፤ አንድ ቁጥር ያለው ቀለም እንኳ ከጋሎን ጋሎን ትንሽ ይለያያል። ለምሳ ሲወርዱ ሮለሩን በፌስታል ጠቅልለው ያስሩት፣ አይደርቅብዎትም። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አያንጥፉ። ያንሸራትታል፣ በዚህ ላይ ቆሞ ማንበብ ይመጣል። አሮጌ ጆንያ ይሻላል። ከጨለመ በኋላ የስልክዎን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግተው በጎን ያብሩት። ጠዋት ፀሐይ የሚያጋልጠውን ጉድ ማታውኑ ያዩታል።

«ወጥ ቤቴን ሦስት ጊዜ ነጭ ቀባሁት። ጭስ የበላው ቦታ በቀለሙ ላይ ቢጫ ሆኖ ይመጣል። አራተኛ ልሞክር?»
እናት፣ ከደሴ

እናቴ፣ አይሞክሩ። ጭሱ የተወው ቢጫ እድፍ በውኃ በሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ይሟሟል፤ መቶ ጊዜ ቢቀቡት መቶ ጊዜ ይወጣል። በኦሞ በደንብ ይታጠብ፣ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። የጠቆረውን ቦታ ብቻ አንድ እጅ ነጭ ዘይት ቀለም ያስቀቡት፤ እዚህ ጋ ያስፈልጋል። በርና መስኮት ይከፈት፣ ምድጃው ይጥፋ፤ የቲነር ሽታ እሳት ይስባል። ሁለት ቀን አድሮ ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ያድርጉትና ነጭ ፕላስቲክ ቀለምዎን ከላይ ይደርቡ።

«የተረፈውን ቀለም ምን ላድርገው? ጋሎኑ ዝጎ ተበላሸብኝ።»
ወጣቱ፣ ከሐዋሳ

በነጠላ ጨርቅ አጥልለህ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጠው። እስከ አፉ ሙላው፣ አየር አይቅርበት። ክዳኑን ጥብቅ አድርግና የቀለሙን ቁጥር፣ የክፍሉን ስምና ወሩን በፓርከር ጻፍበት። የጋሎኑ ወረቀት ከተነሳ በኋላ «ክሬም ነበር» ብለህ ሱቅ ብትሄድ ስድስት ዓይነት ክሬም ያወጡልሃል። ልጅ ካለ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ነጩ ቀለም ወተት ይመስላል።