ሐመርኮፖች ሲጠናኑ ፎቶ ስለማንሳት

ጠያቂያችን በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አምስት ስድስት ሐመርኮፖች (በውሃ ዳር የሚኖሩ ቡናማ ወፎች) ተሰብስበው እየጮኹ ሲሽከረከሩ ማየታቸውንና ካሜራቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ጭፈራው እንዳለቀባቸው ገልጸው፣ ይህን ለማንሳት የትኛው ሌንስ እንደሚሻል ጠይቀዋል። በእኔ ልምድ ከሌንሱ በፊት የሚቀድመው ጆሮ ነው። ሐመርኮፕ ብቻውን ወይም ከጥንዱ ጋር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኛ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ ወፍ መጥቶ ሲያርፍ ግን እየተቀባበሉ መጮኽ ይጀምራሉ፤ ጭፈራውም ከጩኸቱ ጋር ይመጣል። ስለዚህ ካሜራዎ ቀድሞ ተስተካክሎ ይጠብቅ፤ ጩኸቱን እንደሰሙም ዓይንዎ ሌንሱ ላይ ይሁን።

ወፎቹ ጉትያቸውን አቁመው፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አንዱ ሌላውን ይዞራል፤ ከዚያም አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ይወጣል። ይህ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ስሪያ አይደለም። ጥንድ ባልሆኑ ወፎች መካከልም ይደረጋል፤ ሴቷ በወንዱ ላይ የምትወጣበት፣ የወጣው ወፍም ፊቱን ወደ ታችኛው ጅራት ያዞረበት ጊዜ አለ። ወንድና ሴቱ በመልክ ስለማይለዩ ከፎቶው ሥር «ወንዱ ከላይ፣ ሴቷ ከታች» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ በየገጹ ይህን ሳነብ በእውነት አዝናለሁ። ለፎቶው ደግሞ ከወፎቹ በላይ ሰፊ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ የላይኛው ወፍ ክንፍ ይቆረጣል። ከ100 እስከ 400 ሚሊሜትር የሚሰፋና የሚጠብ ሌንስ ከቋሚ የ600 ሚሊሜትር ሌንስ የምመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት 1/1600 ሰከንድ፣ ብርሃን ከፈቀደ ደግሞ ከዚያም የፈጠነ ያድርጉት። ወፎቹ በተለያየ ርቀት ስለሚቆሙ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 8 አካባቢ ቢሆን ይሻላል። የሐመርኮፕ ላባ ቡናማ፣ ዓይኑም ጥቁር በመሆኑ ጥላ ውስጥ ዓይኑ ከላባው ጋር ይዋሃዳል፤ ፎቶው በጥቂቱ ብሩህ እንዲሆን ካሜራውን አስተካክሎ ማንሳት ይረዳል። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሚገኝ ጠዋት ፊትዎን ወደ ውሃው ሲያዞሩ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ትመጣለች። በአሞራ ገደል በኩል ዓሣ አጥማጆች በሚሠሩበት ስፍራ ወፎቹ ሰውን ስለለመዱ ተቀምጦ መጠበቅ ይቻላል። ወፎቹን ለማስነሳት ወይም ዓሣ ወርውሮ ለመሰብሰብ የሚፈልግ ልጅ ቢመጣ በትሕትና ይከልክሉት፤ በምግብ የተሰበሰበ ወፍ የሚያሳየው ሽሚያን እንጂ መጠናናትን አይደለም።

ጎጆ ያለበትን ዛፍ ካገኙ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ጥንዶቹ ጭራሮ እያመላለሱ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሥራው ሳምንታትን ይፈጃል፤ ያለቀው ጎጆ ጣሪያ ያለው፣ ስፋቱም ከአንድ ሜትር ተኩል ሊበልጥ የሚችል ነው፤ ውስጡና መግቢያው በጭቃ ይለሰናል። እዚህ ላይ በጣም እለምንዎታለሁ፤ ከግንዱ ሥር አይቁሙ። ጭራሮ የያዘ ወፍ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ወደ ጎጆው ሳይገባ ከቆየ፣ ቀርበዋል ማለት ስለሆነ እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ ይራቁ። የተቀረጸ የወፍ ድምፅ ማሰማትም ጥንዶቹን ከሥራቸው ስለሚያናጥብ ፈጽሞ አልመክርም። ከርቀት በጎን በኩል ከተቀመጡ፣ አንዱ ከውጭ ጭራሮ ሲያቀብል ሌላው ተቀብሎ ጣሪያው ላይ ሲሰካ የሚያሳይ ፎቶ ማግኘት ይችላሉ።