«መድኃኒቱን ሲውጡ ሰውነታቸው አልታዘዝ ይላል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል ሕመም አለባቸው ከተባሉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ኪኒን በቀን አራት ጊዜ ይውጣሉ። መጀመሪያ ላይ ተአምር ነበር፤ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ፣ እንደ ድሮው መራመድ ቻሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ኪኒኑን በዋጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትከሻቸው ይወዛወዛል፣ አንገታቸው ይጠማዘዛል፣ እግራቸው አያርፍም። ለቅሶ ቤት ሰው ያፈጥባቸዋል። ጎረቤት «የመንፈስ ነው፣ ጸበል ውሰዷቸው» አለችን። እናቴ ኪኒኑን በግማሽ ስትቀንስባቸው መወዛወዙ ጋብ አለ፤ አሁን ደግሞ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አልወቅስም፤ ያደረጉት ከፍቅር ነው። ግን ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ደውሉና መጠኑን እንደቀነሳችሁ ንገሩ። ይሄ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ወይም በጣም ሲቀነስ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተርና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያሰጋል።

የመንፈስ አይደለም። በሽታው ድንገት ባሰ ማለትም አይደለም። ስሙ ዲስኪኔዢያ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉት የአንጎል ሴሎች መድኃኒቱን ተቀብለው ያስቀምጡና ቀስ እያሉ ይለቁታል። ዓመታት ሲያልፉ ሴሎቹ ይመናመናሉ፣ ማስቀመጫው ይጠፋል። ያኔ ሰውነት በደም ውስጥ ካለው መድኃኒት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ ከፍ ሲል መወዛወዝ፣ ዝቅ ሲል ድርቅ ማለት። አባትሽ ላይ ሁለቱንም አይታችኋል።

ሰው ይሄን ባለማወቁ ይፈርዳል፣ እኛ ሰፈር ብቻም አይደለም። ፓርኪንሰን ያለበት ተዋናይ ማይክል ጄ ፎክስ በ2006 እ.ኤ.አ. በአንድ የምርጫ ማስታወቂያ ላይ እንዲህ እየተወዛወዘ ሲታይ፣ አንድ የአሜሪካ የሬዲዮ ሰው ወይ መድኃኒቱን ሆን ብሎ ትቷል ወይ እያስመሰለ ነው ብሎ ወነጀለው። ያን መወዛወዝ ያመጣው ግን የዋጠው መድኃኒት ነበር።

ከቀጠሮው በፊት ለሦስት ቀን በደብተር መዝግቢ። 1 ሰዓት ዋጡ፣ 1 ተኩል ላይ ተፍታቱ፣ 2 ሰዓት ላይ መወዛወዝ ጀመሩ፣ 3 ተኩል ላይ ቆመ፣ እንዲህ። በስልክሽም ቅረጫቸው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ። ይሄ ለነርቭ ሐኪሙ ወርቅ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው መድኃኒቱ ጣሪያ ሲነካ ይወዛወዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲጀምርና ሲያልቅ ነው፣ የሁለቱ መፍትሔ ይለያያል። ሐኪሙ መጠኑን አነስ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ሊያደርገው ይችላል። አማንታዲን የሚባል ድሮ ለኢንፍሉዌንዛ የተሠራ መድኃኒትም መወዛወዙን ይቀንሳል፤ አረጋውያንን ግን አንዳንዴ የሌለ ነገር ያሳያቸዋል፣ ስለዚህ ነቅታችሁ ጠብቁ። የአንጎል ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ለሁሉም አይሆንም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከመድኃኒቱ ጋር መንገድ ይሻማሉ፤ ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ቢል ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የባቄላ እሸት ውስጥ ራሱ ሌቮዶፓ አለ! በእሸት ወቅት ጠግበው በልተው መወዛወዙ ከበዛ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም መዝግቢ። ጾመኛ ከሆኑ የነፍስ አባታቸውን አነጋግሩ፣ ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆይም። ጸበሉን ይጠመቁ፣ አልከለክልም፤ ኪኒኑን ግን አንድ ቀንም እንዳይተዉ።

ደግሞ እሳቸውን ጠይቂያቸው፣ ይሄን አደራ እልሻለሁ። በእኔ ልምድ፣ ቤተሰብ መወዛወዙን ሲያይ ይጨነቃል፣ ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ ልብ እንኳ አይለውም፤ ደርቆ ከመቀመጥ እየተወዛወዘ መራመድን የሚመርጠው ብዙ ነው። ካልደከማቸው፣ ካልወደቁ፣ ክብደታቸው ካልቀነሰ፣ ጥቂት መወዛወዝን ሐኪሙም ዝም ሊለው ይችላል። ቡናውን በስኒ ሳይሆን እጀታ ባለው ኩባያ፣ ሳይሞላ ስጧቸው።

ለቅሶውን አታስቀሯቸው። መደገፊያ ያለው ወንበር ይዘጋጅላቸው፤ የዕድሩን ሰብሳቢ ቀደም ብለሽ «የሚወስዱት መድኃኒት ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው» በያቸው፤ ለሌላው እሳቸው ይነግራሉ።